የአቶ ኤልዉድ ሽጉጥና የፖሊሱ መኪና ጣሪያ

ፈቃድ ማለት መንግሥት አንድን ዜጋ መርምሮ፣ አሻራውን ተቀብሎ፣ «ይህን ሰው አምነነዋል» ብሎ የሚሰጠው ቃል ነው፤ ያንኑ ሰው መንገድ ዳር አቁሞ «እውነት አምነነዋል?» ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ ፖሊስ ነው። ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችን የዕድሜያቸውን እኩሌታ በእነዚህ በሁለቱ መካከል አሳልፈዋል።

አቶ ኤልዉድ ፕሩዊት ከአባታቸው ከአቶ ክላይድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦፓል በደቡብ ኦሃዮ ተወልደው፣ ትምህርታቸውን በዚሁ ከፈጸሙ በኋላ የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ ጥገና ተምረው፣ በየገጠሩ እየዞሩ ሲሠሩ ኖረዋል። እህቴን ወይዘሮ ማቪስን አግብተውም አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። አንድ ቀን ሰው በሌለበት እርሻ ዘራፊዎች ደብድበው መፍቻቸውን ሳይቀር ከወሰዱባቸው ወዲህ፣ ሥልጠናውን ጨርሰው ሽጉጥ በልብስ ሥር ለመያዝ ፈቃድ አወጡ።

የያኔው ሕግ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ፖሊስ ሲያስቆመው ሳይጠየቅ እንዲናገር ያዝዝ ነበርና አቶ ኤልዉድ ይናገሩ ነበር። ዘንድሮ ጡረታ የወጡት የወረዳችን ፖሊስ አቶ ቨርነን ስታምፐር ግን፣ ይህን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ የአቶ ኤልዉድ መኪና የኋላ መብራት እንደማይሠራ ደጋግመው ያስተውሉ ጀመር። መብራቱን እኔ ራሴ አይቼዋለሁ፤ ይሠራል።

«እጅዎን ከመሪው እንዳያነሱ!»

«ቨርነን ልጄ፣ ፈቃዱን እኮ ባለፈው ሳምንት አይተኸዋል።»

«ወረቀቱን አይቻለሁ፤ ልብዎን አላየሁም። ሽጉጡ እኔ እጅ ሲሆን ነው ሁላችንም በሰላም ቤታችን የምንገባው።»

ከዚያም ሽጉጡን ተቀብለው በፖሊስ መኪናው ጣሪያ ላይ ያስቀምጡና፣ ውስጥ ገብተው የአቶ ኤልዉድን ስም በሬዲዮ ያጣራሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እያጣሩ ሳለ አስቸኳይ ጥሪ መጣና፣ ሽጉጡን ከጣሪያው ሳያወርዱ፣ ጥይቱንም ሳያወጡ በረሩ። ሽጉጡ የተማሪ አውቶብስ ልጆችን በሚያወርድበት መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ወደቀ። አቶ ኤልዉድ ለፖሊስ አዛዡ ቢያመለክቱ ኖሮ የአቶ ቨርነን እንጀራ በዚያው ባበቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ሕፃን ሳያገኘው ብለው ከመኪናቸው ወርደው፣ የመንገዱን ቦይ በእግራቸው ያስሱ ጀመር። አቶ ቨርነንም የሠሩት ነገር ትዝ ሲላቸው ላብ በላብ ሆነው ተመለሱ።

ሽጉጡን ያገኙት አቶ ኤልዉድ ናቸው። ነገር ግን አላነሡትም፤ ሁለት እጃቸውን ሽቅብ ዘርግተው ሣሩ ውስጥ ቆሙና ተጣሩ።

«ቨርነን! እዚህ ነው። ላንሣው ወይስ ትተኩስብኛለህ?»

«ኧረ በፈጠረዎት ያንሡት!»

«አይ፣ አንተ እጅ ሲሆን ነው ሰላም ያልከው። ና ውሰደው።»

አቶ ኤልዉድ ይህን ለማንም ሳይናገሩ ኖረዋል፤ ዛሬ እዚህ እንዳነበው ብለው ትናንት የነገሩኝ አቶ ቨርነን ራሳቸው ናቸው። በቀጣዩ ወር እንደገና አስቆሟቸው፤ ሽጉጡን ግን ከጣሪያው ላይ ሳይሆን ከፖሊስ መኪናው ወንበር ላይ አኖሩት። አቶ ኤልዉድም ይህን እንደ ይቅርታ ቆጠሩት።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በሰባ አራት ዓመታቸው ያረፉት ወንድማችን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማቪስን፣ ልጃቸውን ግዌንንና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። ሳይፈትሽ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጁ ሳያቆም ያስገባልን።

አስከሬናቸውን ከሚሸከሙት አንዱ እንዲሆኑ አቶ ቨርነንን ለምነናቸው ነበር፤ እሳቸውም ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት የሟችን ኮት ፈትሸው፣ ምንም ስላላገኙ፣ እሺ ብለዋል።