ጅራት ያላት ጥንቸል

ከሞላሌ ወደ ቆላው በሚያወርደው መንገድ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉሙ ገደሉን እስከ አፉ ሞልቶት ሳለ፣ ከጋሽ ፈንታ ጋር ሳናስበው ተገናኘን። የሞተ ውሻ በገመድ እየጎተቱ ነበር። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። አብራኝ የነበረችው እስከዳር የእኅቴ ልጅ ስትሆን የቀበሌያችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። እሷ በግ ልትከትብ፣ እኔ እግሬን ላፍታታ ወጥተናል።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ፈንታ። አንበሴ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«አንበሴ ነው መምህር። አራተኛው መሆኑ ነው። ማታ ደህና ሲጮኽ ነበር፤ ጠዋት ደጄ ላይ ተዘርሮ አገኘሁት። ቁስል የለው፣ ደም የለው። ተበልቶ ነው።»

ማን በላው ብዬ አልጠየቅኩም፤ መንደሩ የሚያማው ሸክላ ሠሪዋን አመተሥላሴን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ከአገር ትውጣ ሊሉ ነው። ጋሽ ፈንታ ያሉት ደግሞ አይታጠፍም። ባል የላት፣ መሬት የላት፣ ያላት ያቺው ጎጆ ናት። እኔም መምህር ተብዬ፣ ሠላሳ ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ፣ ከቤቷ ውኃ ቀምሼ አላውቅም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

እስከዳር ጓንቷን አጥልቃ ተንበረከከችና የውሻውን አፍ ከፈተች።

«ጋሽ ፈንታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መጀመሪያ የሞተው የማን ውሻ ነው?»

«የራሷ የአመተሥላሴ።»

«ታዲያ የገዛ ውሻዋን ለምን ትበላለች?»

«ክፉ ዓይን መቼ ይመርጣል ልጄ? ደግሞ በዓይኔ ያየሁት አለ። ባለፈው ሲመሻሽ፣ ከቤቷ በላይ ጥንቸል አየሁ። ጥንቸል ሰው ካየች ትፈረጥጣለች። ይህቺ ግን ቆማ አየችኝ። ከዚያ እንደ በሽተኛ ቀስ እያለች ሄደች። ጅራት ነበራት፣ ይህን የሚያህል። ጥንቸል እንዲህ ያለ ጅራት አላት? ተለውጣ የምትዞረው እሷ ናት።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የነገሩን። እውነቱን ለመናገር እኔም ላምናቸው ምንም አልቀረኝ።

እስከዳር ከውሻው ጥርስ መካከል ሻካራ፣ ጫፉ የነጣ ጸጉር መዘዘች። «ይህ የውሻ ጸጉር አይደለም፤ የበግም አይደለም። አንበሴ አንድ ነገር ነክሷል። በእጅዎ እንዳይነኩት ብቻ።»

ይህን ስትል ከበታቻችን፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሆነ ነገር ሲፋቅ ተሰማ። ይፋቃል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይፋቃል። ጥቂት እርምጃ ወረድን።

አንድ ዛፍ ሥር ጥንቸል የሚያህል ግራጫ እንስሳ ተቀምጦ ቅርፊት ያኝካል። እኛን አየ። አልሸሸም። ቀስ ብሎ ጎኑን ሰጠን፤ የጎኑም ጸጉር ለሁለት ተከፍሎ ቆመ፤ መካከሉ ጥቁርና ነጭ መስመር ነው። ጋሽ ፈንታ አማተቡና ድንጋይ አነሱ።

«ይተዉት ጋሽ ፈንታ» አለች እስከዳር። «ይመልከቱት ብቻ። ጆሮው አጭር ነው። ጅራቱ ረጅምና ጸጉራም። ቅርፊቱን በእጁ ይዞታል፤ ጥንቸል በእጇ አትይዝም። ይህ የአይጥ ወገን ነው። ባለጋማ አይጥ ይሉታል፤ ስማር ሥዕሉን አይቻለሁ፤ በአካል ሳየው ግን ዛሬ ገና ነው። በቀን አይወጣም ነበር፣ ጉሙ አታሎት ይሆናል። ዛፉን ያውቁታል?»

«መረንዝ ነዋ። ፍሬው ሲበስል ልጅ ይለቅመዋል። ቅርፊቱን ግን ፍየል እንኳ አትደፍረውም፣ መር...» አሉና አቋረጡ።

እንስሳው ያኘከውን በምላሱ እያወጣ በተከፈለው ጸጉሩ ላይ ይቀባ ነበር። ሳይቸኩል፣ አንድ ቦታ ሳይዘል፣ ዓይኑን ከእኛ ሳይነቅል።

«እሱን መርዙ አይገድለውም» አለች እስከዳር። «የሚነክሰውን ውሻ ግን ልቡን ያቆመዋል። ለዚህ ነው የማይሮጠው። ካልነኩት ማንንም አይነካም።»

ቀብቶ ጨረሰ። ጸጉሩን ከደነና ወደ ጉሙ ገባ። ጋሽ ፈንታ ድንጋዩን ከእጃቸው ጣሉት።

«ነገ ብናባርራት ምን ሊሆን ነበር?» አሉ።

«ውሻው መሞቱን አይተውም። ከዚያ እናንተ ሌላ ሰው ትፈልጋላችሁ» አለች እስከዳር።

ከዚያ አንበሴን ቀበርን፤ ጋሽ ፈንታም ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ አመተሥላሴ ቤት መሩን። ጭቃ በእጇ ይዛ ወጣች፤ ሽማግሌውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ሊያስወጧት የመጡ መስሏታል። ቢሆንም ግቡ አለች፤ እጇን ታጥባ በሠራችው ዋንጫ ጠላ ቀዳችልን። ከዚያም ወደ ግድግዳው ዞረች። እሷ እያየች የሚጠጣ ሰው ስለሌለ ለምዶባት ነው። ጋሽ ፈንታም ድግስ ላይ ከሷ ፊት ሲሆኑ በጋቢ ተከልለው ነበር የሚጠጡት።

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «አመተሥላሴ፣ ዙሪ። እያየሽኝ ልጠጣ። በድዬሻለሁ።»

ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪያልቅ ጠጡት። እኔም ጠጣሁ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የተወሰነው ሲመሽ ውሻ እንዲታሰር፣ ልጆችም ያንን እንስሳ ሞቶ እንኳ ቢያገኙት እንዳይነኩት ነው። ከዚያ ወዲህ ውሻ አልሞተብንም፤ እንስራችንንም ከጎረቤታችን ከአመተሥላሴ እንገዛለን። የማያውቁትን ነገር ቀርቦ ማየት ይህን ያህል ይጠቅማል፤ እኔ ግን ያቺን ሴት ለማየት ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ።