ፈቃድ የለዎትም

ወደ ላሊበላ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ድረስ፣ ከማኅሌት ጋር ጋሸና ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። ማኅሌት እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ናት። በዚህ መካከል የዜማ መምህሩ መሪጌታ ደባሱ ኮምፒውተራቸውን በድጓ ማኅደር አንግተው ገቡ። ኮምፒውተር በመጽሐፍ ማኅደር ሲያዝ አይቼ አላውቅምና ሣቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ሰላምታቸውን ስሰማ ግን ዋጥኩት። ያ ደብሩን ይሞላ የነበረ ድምፅ በጉሮሮ ሕመም ሹክሹክታ ሆኗል።

«ወዴት ነዎት፣ መሪጌታ?» አልኳቸው።

«ይህን ለሸጠልኝ ልመልስ። ድምፄ ሳይዘጋ፣ ሙጃ ላሉት ተማሪዎቼ ብዬ ዜማውን ቀድቼበት ነበር። ልገለብጥላቸው ስል ‹ፈቃድ የለዎትም› አለኝ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ግዝት ነዋ! ለነፍስ አባቴ ተናግሬ ንስሐ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ እጄን አላነሣሁበትም።»

ማኅሌት ጠጋ አለች። «ይቅርታዎን መሪጌታ፣ ድምፁ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ! የማን ሊሆን?»

«ታዲያ ለገዛ ድምፅዎ ፈቃድ ሰጪው ማን ነው?»

መሪጌታ ግን በዋዛ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ልጄ፣ ሌባ ባይኖር ቁልፍ ባልተሠራ። ስንቱ ዘፋኝ ሥራው እየተገለበጠ ጦሙን አደረ!»

«እውነትዎን ነው፤ የሰው ድካም አይዘረፍ። ይህ ግን ባለቤቱንም ሌባውንም የሚነክስ ውሻ ነው። በቀዱት ዜማ ላይ ቁልፍ ያደረገበት የኮምፒውተሩ መቅጃ ራሱ ነው፤ እርስዎን አልጠየቀም። ዜማው በሌላ ኮምፒውተር አይከፈትም። ኮምፒውተሩ የተበላሸ ቀን ዜማውም አብሮ ይቀበራል።»

እኔን ያናደደኝ ይህ ነው። የገዛነው ዕቃ ቤታችን ገብቶ እኛኑ «ማን ነህ?» ሲለን፣ አጥፍተን ይሆናል ብለን አንገታችንን እንደፋለን። ተማርን የምንለው ደግሞ እንብሳለን።

ማኅሌት ቀጠለች። «በብራና መጽሐፍ መጨረሻ የሚጻፈው ግዝት ምን ይላል?»

«ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን። የሰረቀው፣ የፋቀው የተወገዘ ይሁን ነው።»

«የገለበጠውስ?»

«የገለበጠውማ... የገለበጠውማ ጸሐፊ ነው። ይጸለይለታል እንጂ!» ማኅደሩን ከትከሻቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እኔስ ምን ነካኝ? ለማያውቀኝ ዕቃ ንስሐ ገባሁ! በይ ልጄ፣ ምን ይሻላል?»

«እዚህ ላይ እስከተከፈተ ድረስ እያሰማን በስልኬ እንቀዳዋለን፤ በየትኛውም ስልክ በሚከፈት መልክም እናስቀምጠዋለን። ሠሪዎቹ ‹እንደ ልባችሁ ገልብጡት› ብለው በነፃ የሰጡት፣ ኮምፒውተር የሚያሠራ ፕሮግራምም አለ። ለወደፊቱ እርሱን እጭንልዎታለሁ።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ ሂድ ብለን አሰናበትነው። ያ ዜማ ከኮምፒውተሩ ሲወጣ ሻይ ጠጪው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። መሪጌታ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ሲያበቃ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው አንድ ቃል አስገቡበት፤ ማኅሌትም ከዜማው ፊት ቀጠለችው።

ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ዜማው ግን ሙጃ በየተማሪው ስልክ አለ፤ አንዱ ቢጠፋበት ከጓደኛው ይቀዳል። ተማሪው ሲከፍተው ከዜማው በፊት አንድ የደከመ ሹክሹክታ ይሰማል፤

«ይህን የቆለፈ የተወገዘ ይሁን። የገለበጠ ግን ይባረክ።»