የትናንቱ ዳቦ

የማያገባኝ ነገር ውስጥ ጥልቅ የማለት አመል አለብኝ። አስተማሪ ስለሆንኩ ይመስለኛል፤ ሳልጠይቅ ማለፍ አይሆንልኝም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በዳቦ ቤቱ ጎን ሳልፍ፣ ትኩስ ዳቦ ብቻ ስለሚሸጡ ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ ትኩስ" የሚላቸው ባለ ዳቦ ቤቱ ጎረቤቴ በርሜል በሞላ ዳቦ ላይ ውሃ ሲያፈሱ አየኋቸው።

"ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?"

"የትናንቱን እየጣልኩ ነዋ።"

"ውሃው ታዲያ ለምንድን ነው?"

"ማንም አንስቶ እንዳይበላው። ለእንግዳዬ የማላቀርበውን ለድሃ አልሰጥም። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።"

የወንድማቸው ልጅ ይህን ሲሉ ደረሰች። በምግብ ባንኩ መጋዘን ትሠራለች፤ በየሳምንቱ እየመጣች ዳቦውን ትለምናቸዋለች፣ እሳቸውም በየሳምንቱ እምቢ ይሏታል።

"አጎቴ፣ ትናንት የተጋገረ ዳቦ እኮ ምንም አይሆንም።"

"ባንክ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዳቦ የሚያስቀምጠው?"

እኔም ነገሩ ገርሞኝ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅኋት።

"ከእርሻው፣ ከፋብሪካው፣ ከሱቁ ሳይሸጥ የቀረውን እንሰበስባለን። ደህናውን ከተበላሸው ለይተን በየከተማው ላሉ ማከፋፈያዎች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለአረጋውያን መኖሪያዎች እንልካለን። አንዱ ጋ የተረፈው ሌላው ጋ የጎደለውን ይሞላል።"

"እሱስ ይሁን" አሉ ጋሼ። "ሰውን አሰልፎ ትርፍራፊ ማደል ግን ማዋረድ ነው። ደግሞም በዚህ ሰፈር የተራበ የለም። ቢኖር እኔ አጣው ነበር?"

"እንግዲያው ከሰዓት በኋላ ይምጡና ይዩ።"

ጥሪው ለእኔ ባይሆንም አብሬያቸው ሄድኩ።

መጋዘኑ ካርቶንና ሽንኩርት ይሸታል። ሽርጥ ያደረጉ ሴቶች የታሸገ ምግብ የያዙ ቆርቆሮዎችን እያገላበጡ ያያሉ፤ ያበጠው ይጣላል፣ ጎኑ ትንሽ የተጨረመተው ያልፋል። ጋሼ የዱቄት ጆንያ አግኝተው ዱቄቱን በጣታቸው ፈተሹ። ፊታቸው ፈታ ሲል አየሁ። ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ስንገባ ግን ቆም አሉ።

"ሰልፉ የታለ?"

"ሰልፍ የለም። መደርደሪያው እንደ ሱቅ ነው፤ ሰው ዘንቢሉን ይዞ የሚፈልገውን ይመርጣል።"

ወዲያው አንዲት ሴት ገባች። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት፤ ሦስት ልጆች አሏት። ጠዋት ጠዋት አንድ ዳቦ ብቻ ገዝታ "እኛ ቤት ዳቦ የሚወድ የለም" እያለች የምትስቅ ሴት ናት። ጋሼ እጅጌዬን ይዘው ከካርቶኖቹ ጀርባ ጎተቱኝ።

"ዛሬም ዳቦ የለም?" ስትል ሰማናት።

"አልገባልንም እትዬ" አለቻት ሽርጥ ካደረጉት አንዷ።

"ምንም አይደል። ለልጆቹ ብዬ ነው።"

ሴትየዋ ዘንቢሏን ይዛ ወጣች።

"ጠዋት ውሃውን ሳፈስ መስኮቷ ክፍት ነበር" አሉ ጋሼ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "አሁኑኑ አንድ ከረጢት ሙሉ ቤቷ እወስድላታለሁ።"

"ተዉ አጎቴ" አለች ልጅቷ። "እርስዎ ከሰጧት ነገ በደጅዎ ማለፍ ትተዋለች። እዚህ ግን ማን እንደሰጠ አይታወቅም፣ ማንም ለማንም አይሽቆጠቆጥም። ደግሞስ የእሷን ዛሬ አዩ፤ ያላዩዋቸውን በምን ያውቋቸዋል? መጋዘኑ ለእነሱም ጭምር ነው።"

ጋሼ ከካርቶኖቹ ጀርባ ወጡና "መኪናችሁ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያልተሸጠው ዳቦ በዚያው ምሽት ንጹሕ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ጠዋት መኪናው ይወስደዋል። ሌሎቹ ጋጋሪዎችም ተከተሏቸው። የቆሻሻው ገንዳ ቀለለ፤ የትምህርት ቤታችን ልጆች ቁርስ በልተው ስለሚመጡ እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ማየት ቀርቶልኛል። ይህን ሁሉ ያመጣው ድሮም የነበረ ዳቦ ነው።

ልብስ ሰፊዋ አሁንም ጠዋት ጠዋት አንድ ዳቦ ትገዛለች። ባለፈው ሰሞን እኔም እዚያው ቆሜ ሳለሁ፣ "ጋሼ፣ ልጆቼ ጣዕሙን ለይተው የትናንቱ ዳቦዎ ከዛሬው ይጥማል ይላሉ" አለቻቸው።

ጋሼ ትኩስ እስከ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ከዚያ የዛሬውን እያቀበሏት፣ "የሰፈሩ ሰዎች እንዳይሰሙሽ፣ ስሜን ያስቀይሩኛል" አሏት። እየሳቀች መንገዱን ተሻገረች።