የሦስት ቀን ክምር

«አትንኪው አልኩሽ! ካሳቫው ገና አላረፈም!»

«አክስቴ፣ ምን ሠርቶ ደክሞት ነው የሚያርፈው?» አለች የእህታቸው ልጅ፣ ክምሩ የተሸፈነበትን ጆንያ ገለጥ አድርጋ።

ከካሳቫው ሥር ነጩን ዱቄት፣ ስታርቹን፣ አጥበው የሚያወጡት ሴቶች ሳቃቸውን ዋጡ። አክስትየዋ አልሳቁም። ከካርቶን ፋብሪካ የመጣው ስታርች ገዢ በሩ ላይ ቆሟል፤ ለማጣበቂያ የሚወስደው ስታርች ከሳምንት ሳምንት ስላነሰበት፣ ዛሬ ደህና ነገር ካላየ ፊቱን ወደ ሌላ ሊያዞር ነው። ያኔ ሃያ ዓመት የለፉበት መጋዘን ተዘጋ ማለት ነው።

«ሦስት ቀን ካልለሰለሰ መፈቅፈቂያው ላይ ድንጋይ ነው። አማቴ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው።»

«ለመፈቅፈቁማ ይቀልዎታል። ግን ከመሬት ከወጣ ጀምሮ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳሩን ደግሞ ከእጣቢው ጋር ይደፉታል። አሳረፍኩት ሲሉ እሱ ያመልጥዎታል።»

«ኮሌጅ የላክንሽ ከካሳቫ ጋር ልትማከሪ ነው?»

«እንፈትነዋ! ከአንድ ማሳ፣ እኩል ዕድሜ ያለው፤ አሥር ኪሎ ከክምሩ፣ አሥር ኪሎ ዛሬ ጠዋት ከተቆፈረው።»

እንቢ እንዳይሉ ገዢው እያያቸው ነው። «እሺ፤ የምፈቀፍቀው ግን እኔ ነኝ» አሉ፣ ልጅቷ እንዳታጭበረብራቸው።

አዲሱን ካሳቫ ሲፈቀፍቁ አላባቸው። «ይበልጥ ይድቀቅ፤ ካልደቀቀ ስታርቹን አይለቅም» ትላለች ልጅቷ ከጎናቸው። ሁለቱንም በየገንዳው በጨርቅ አጥልለው ፍቅፋቂውን እንደ ልማዳቸው ለጎረቤት ላም ሊጥሉ ሲሉ እጃቸውን ያዘች።

«አንዴ ውሃ ይድገሙለት።»

ለሁለቱም ደገሙ። ውሃው እንደ ወተት ነጥቶ ወረደ።

«ለካ የጎረቤቴ ላም የወፈረችው በእኔ ነው!» አሉ አክስትየዋ። አሁን ሁሉም ሳቀ።

ሰው ለለመደው ነገር ቢሟገት አይፈረድበትም፤ ዓይኑ እያየ ሲሟገት ነው የሚያሳዝነው። እሳቸው ግን ከሰዓት በኋላ ውሃው ጠርቶ ሲቀዳ ከሁለቱ ገንዳዎች አጠገብ ተንበረከኩ። ከክምሩ ወጥቶ ከገንዳው ሥር የረጋው ስታርች አንድ ጣት የማይሞላ፣ አመድማ ነው። የአዲሱ ሁለት ጣት ተኩል ወፍሮ፣ እንደ ኖራ ነጥቶ ረግቷል።

ገዢው በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። «እንዲህ ያለውን ያገኛችሁትን ያህል እወስዳለሁ።»

አክስትየዋ ብድግ አሉ። «ሰማችሁ? ከነገ ጀምሮ በቀኑ የምንፈቀፍቀውን ያህል ብቻ ይቆፈራል! አርጅቶ እንጨት የሆነ እንዳይቀላቀል! አድቅቁ፤ ሁለቴ እጠቡ! አንዲት ክንድ መሬት ሳንጨምር ካሳቫችን እጥፍ ሊሰጠን ነው!» ወደ ገዢው ዞር ብለውም፣ «እኔ እኮ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አሉት።

ሴቶቹ ክምሩን እያፈረሱ ነበር። ልጅቷ እጇን ተለቃለቀች፤ ቦርሳዋን አንግታ በጓሮው በር ወጣች።