ያረፈደ ወላጅ ያምጣ

ገበያነሽ፣ ነይ እዚህ ከጎኔ ቁጭ በይ። አንቺ በመስኮቱ በኩል ሁኚ፣ እኔ ሐረጎ ላይ መኪናው ሲጠማዘዝ ቁልቁል ማየት አልወድም። እንዴት አደርሽ? እኔማ የት ተኝቼ! የሙሽራዋ አክስቶች ሲጨፍሩ አድረው ቧንቧ ውሃ ሰፈርን በሙሉ አላስተኙትም። ግን ሰርግስ የሰርክአዲስ ሰርግ ነው፣ ማሻአላህ። ትዳሯን አላህ ይባርክላት። የደሴ ብርድ ብቻ… ኧረ ይሄ ብርድ የሰው ጠላት ነው! እኛ የኮምቦልቻ ሰዎች እዚህ ሁለተኛ ሌሊት ብናድር በቃሬዛ ነው የምንመለስ።

ሚኒባሱም እስኪሞላ ገትሮን ዋለ። አሁን እንኳ ተንቀሳቀሰ፣ አልሐምዱሊላህ። የወላጆች ስብሰባው ሁለት ሰዓት ነው አይደል ያሉት? እንደርሳለን ኢንሻአላህ። ባንደርስስ? ባንደርስማ ታውቂው የለ… በሩ አለ።

ምን? ምን ትጎሽሚኛለሽ? ጎኔን ፈጀሽው እኮ! ማን? የት? ከሹፌሩ አጠገብ? እኔ የማየው በሻርፕ የተጠመጠመ አንድ አንገት ነው። ደሴ ላይ በጠዋት ሻርፕ የማይጠመጥም ማን አለ? ጣትሽን ሰብስቢ፣ በሰው አይጠቆምም። እኔ ማንንም አላየሁም።

ብቻ ስብሰባ ስንል ዳይሬክተራችን ትዝ አሉኝ። ስማቸውን አልጠራም። ስም ከተጠራ ሐሜት ይሆናል፤ ካልተጠራ ግን ናፍቆት ነው። እኔ ደግሞ እሳቸውን እንዴት እንደምናፍቃቸው አንቺ ታውቂያለሽ…

«ሱዓድ፣ አንቺ እኮ ሰውዬውን አትወጃቸውም» ትይኛለሽ ሁልጊዜ። ኧረ ወላሂ እወዳቸዋለሁ! የእኔና የአንቺ ልዩነት ምን መሰለሽ? ያንቺ ቤት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ልጅሽ ደወል ሲሰማ ቁርሱን እያኘከ ይገባል። እኔ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን የሌሊት ሺፍት ጨርሼ ቤቴ እስክደርስ ሀናን ታናሽ ወንድሟን ትጠብቃለች። አባቷ እንደሆነ ከመኪናው ጋር ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። እኔ ስገባ እሷ ቦርሳዋን ይዛ ትሮጣለች፣ ስትደርስ ተዘግቷል። እና አንቺ ሰውዬውን ግቢ ውስጥ ሆነሽ ታያቸዋለሽ፣ እኛ በበሩ ቀዳዳ እናያቸዋለን። በቀዳዳ ሲታዩ ደግሞ እንዴት ያምራሉ መሰለሽ።

ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፣ አልክድም። እሳቸው ሳይመጡ ያ ምን ትምህርት ቤት ነበር? ፍየል በአንዱ በኩል ገብታ በሌላው ስትወጣ የሚጠይቃት አልነበረም። ልጆቹም ሲፈልጉ ይገባሉ፣ ሲፈልጉ ወንዝ ይወርዳሉ። አሁን ይኸው በር አለን። በር ስልሽ! ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ጫፉ ላይ ጦር የተደረደረበት። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? መጽሐፍ ያስገዛል፣ የተሰበረ ወንበር ያስጠግናል። እሱን ማንም ይሠራዋል! የኛ ሰው ግን አርቀው አሰቡና በር አሠሩ። ሀናን ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ማንበብ ላይ ገና ትንተባተባለች፤ በሩ ላይ የተጻፈውን ግን ዓይኗን ጨፍና ትወጣዋለች። «ያረፈደ ወላጅ ያምጣ።» ምን ታድርግ ልጄ፣ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ስታነብ የምታረፍደው እሱን ነው።

ሹፌር፣ ወንድሜ! እዚያ ፊት ያሉት ሰውዬ አንገታቸው ቀላብኝ። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ብታደርግላቸው? … አይፈልጉም? እሺ፣ ይሁን። ሰው አይቼ ዝም ማለት አልችልበትም እኮ፣ ምን ላድርግ።

እና የምልሽ… ወላጅ መውደዳቸውስ! ሌላው አለቃ ወላጅ የሚናፍቀው በዓመት አንዴ፣ መዋጮ ሲፈልግ ነው። እሳቸው በየጠዋቱ ነው የሚናፍቃቸው። ልጅ ትንሽ ካረፈደ፣ «ወላጅሽን አምጪ።» ያቺ ወላጅ ደግሞ ሌሊቱን ክር ስትፈትል አድራ ገና መውደቋ ነው፣ ወይ የጠዋቱ ሺፍት ገብታለች። ታዲያ ልጆቹ ምን ያድርጉ? ሄደው በሩ ፊት ለፊት ጉሊት ያለችውን ብዙዬን ይለምናሉ። ብዙዬም ርኅሩኅ ናት፣ ሽንኩርቷን ሸፈን አድርጋ ትነሳለች። ዛሬ የሀናን አክስት፣ ነገ የስለሺ ልጅ አያት፣ ከነገ ወዲያ የሌላው እንጀራ እናት። አንድ ቀን የዘካሪያን መንትዮች ይዛ ገብታ ልጆቹ ሙስሊም መሆናቸውን ረስታ «በማርያም ይማሯቸው» ብላ ለመነች። ዳይሬክተሩም ማሯቸው! አንድም ነገር አልጠረጠሩም። ምን አለ ሁሉም ሰው እንዲህ ልበ ንጹሕ ቢሆን?

የዓመቱ መዝጊያ በዓልማ ሁልጊዜ ፊቴ ላይ ነው። «በትምህርት ቤታችን ታሪክ እንደዚህች እናት በየጊዜው እየተመላለሰ ልጆቹን የተከታተለ ወላጅ የለም» ብለው መድረክ ላይ ጠርተው፣ ጨብጠው፣ የምርጥ ወላጅ ሽልማት የሰጧት ማንን ነው? ብዙዬን! እዚያ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ የላትም እኮ፣ ገበያነሽ! የወለደቻቸው አድገው ቢስቲማ ትዳር ይዘዋል። «ስንት ልጅ አለዎት?» ብለው በድምፅ ማጉያ ሲጠይቋት፣ «እንደየቀኑ ነው» አለች። አንቺ ሻሽሽን አፍሽ ውስጥ ከተሽ ነው የተረፍሽው። ፎቶውም ይኸው ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል አሉ። ማስተርስ አላቸው ይባላል። ማስተርስ ያለው ሰው የአንድን ሴት ፊት መለየት ያቅተዋል? አይ፣ አላቃታቸውም። እሳቸው የሚያዩት ሰዓት ነው፣ ፊት ለማየት ጊዜ የላቸውም።

ሐረጎን ጨረስን መሰለኝ፣ ጆሮዬ ተከፈተ። ሙቀቱም ጀመረን። ጃኬትሽን አውልቂ። ይኸው ሰው ሁሉ እያወለቀ ነው… ሁሉም? አይ፣ ሻርፕ ያልፈታ አንድ አለ። ጉንፋን ይሆናል ምስኪን። ያልባቸዋልም እኮ! ሹፌር፣ ሶፍት ካለህ አቀብላቸው እስቲ።

ጋሽ አምባዬን ሳልነግርሽ! ዘበኛውን ነዋ። ዓይናቸው ደከም ስላለ በሩን ዘግተው ከውስጥ በድምፅ ብቻ ነው የሚያናግሩት። ባለፈው ሀኒ፣ ሒሳብ አስተማሪዋ፣ ባጃጅ ተበላሽቶባት አረፈደች። «አስተማሪ ነኝ ክፈቱልኝ» ብትል፣ «አስተማሪማ በሰዓቱ ነው የሚመጣ፤ አንቺ ወላጅሽን አምጪ» አሏት። ልጆቹ ያለ ሒሳብ ዋሉ። በማግስቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የኛ ሰው ጋሽ አምባዬን መሃል አቁመው አስጨበጨቡላቸው። «ለማንም እንዳይከፍቱ! ለእኔም ቢሆን እንዳይከፍቱ!» አሉ። ይሄ ፍትሕ አይደለም ትያለሽ? እሳቸው ደግሞ መቼ ያረፍዳሉ? ቤታቸው ደሴ ቢሆንም በሥራ ቀን የጓደኛቸው መኪና ታመጣቸዋለች። ቅዳሜ ብቻ ነው ጓደኛቸው የሚተኙት…

ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው ለካ።

ብቻ አንድ ነገር የምሬን ልንገርሽ፣ ጠጋ በይ። አይ፣ ጠጋ ባትይም ይሁን፣ የሰማ ይስማ። ሀናን አንድ ቀን ደግማ ካረፈደች ዓመቱን ትደግማለች ተብላለች። የዛሬው ስብሰባ ለዚህ ነው፤ ለሺፍት ሠራተኛ ልጆች በሩ ትንሽ ይታገሥ አይታገሥ ሊባል። አንቺ «ደንብ ከላላ ፍየሎቹ ይመለሳሉ» ብለሽ እጅሽን እንደምታወጪ አውቃለሁ፣ አልቀየምሽም። እኔ ግን በቀደም ሥራ ስላቆየኝ ሀናን ወንድሟን ለብዙዬ ትታው ነበር፤ ልቀበለው ስሄድ ልጄን በሩ ሥር ድንጋይ ላይ አገኘኋት። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። ውስጥ ክፍል ልጆቹ አስተማሪያቸውን እየተቀበሉ ሲያነቡ ድምፃቸው ይሰማል፣ እሷም ከውጭ አብራ ትቀበላለች። ድምፅዋን ቀንሳ… ዘበኛው እንዳይሰማት። አለቀስኩ፣ ገበያነሽ። እዚያው መንገድ ላይ፣ በሥራ ሽርጤ። በሩን በድንጋይ ባልኩት ብዬ ነበር፣ ቀለሙ አሳዘነኝ።

እሺ፣ እሺ፣ ተይው። ከሰርግ መልስ አይለቀስም።

ይልቅ የኛን ሰው እናት ሐርቡ ገበያ እንዳገኘኋቸው ነግሬሽ ነበር? እኔ የሐርቡ ልጅ አይደለሁ፣ ዘመድ ልጠይቅ ወርጄ። ቲማቲም እየመረጥኩ፣ «ልጅዎ እንዴት ያለ ሰዓት አክባሪ መሰለዎት፣ ልጆቻችንን ሥርዓት አስያዙልን» አልኳቸው። ቲማቲሙን አስቀመጡና ሳቁ። ሳቁ ብልሽ… ከጎናቸው ያለችው ሴት ውሃ አጠጣቻቸው። «የኔ ልጅ? የኔው? እሱ እኮ በልጅነቱ አንድም ቀን በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም! ግመል ካየ ይቆማል። ግመሉ ሄዶ እንኳ እሱ እንደ ቆመ ነው። ‹ወላጅ አምጣ› እያሉት ስንት ጊዜ ገበያዬን ጥዬ ሮጥኩ መሰለሽ!» አሉኝ። እኔም፣ «ታዲያ አስተማሪው ምን ይሉ ነበር?» አልኳቸው። «ምን ይላሉ፣ ‹ከነግመሉም ቢሆን ይግባ› ብለው ያስገቡት ነበር» አሉኝ።

አየሽ? አስገቧቸው። ገቡ፣ ተማሩ፣ ይኸው በር አሠሩ።

ወራጅ አለ ሹፌር! እዚሁ ጥግ ያዝልን። ስንት ሰዓት ሆነ? ሁለት ሰዓት አለፈ? ውይ በሞትኩት። ፍጠኚ ገበያነሽ፣ በዚህ በኩል ያቋርጣል። … ባለ ሻርፑ ሰውዬም ወረዱ? ወደኛው መንገድ ነው የሚመጡት? የሆነ ልጅ ወላጅ ይሆናሉ። እንዴት ይፈጥናሉ እናቴ! ሻርፑ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ነው፣ ንገሪያቸው። አይ ተይ፣ ጎበዝ ተማሪ ሲሮጥ አይጠራም።

ይኸው ተዘግቷል። ቀለሙ ግን በጠዋት ፀሐይ እንዴት ያምራል!

እያንኳኩ ነው። ዝም በይ፣ እንስማ። ጋሽ አምባዬ ምን አሉ? «ማነህ? ያረፈደ ወላጅ ያምጣ።» ሰውየውስ? «እኔ ነኝ።» አይ ሰውየው፣ እዚህ በር ላይ እንዲህ ያላለ አለ እንዴ? … «ዳይሬክተሩ ነኝ» አሉ? ጋሽ አምባዬ ግን ምን ያለ ሰው ናቸው! «ዳይሬክተሩማ ለእኔም ቢሆን እንዳይከፍቱ ብለውኛል፣ የሳቸውን ቃል ላንተ ብዬ አላፈርስም» ይላሉ። ሳቅሽን ዋጪ! ሻሽሽ የታለ? ውስጥ ላሉት አስተማሪዎች ስልክ እየደወሉ ነው… አይሠራም። ስብሰባ ላይ ስልክ ይዘጋል ብለው ደንብ ያወጡት ማን ሆኑና። ብዙዬም ጉሊቷ ላይ የለችም። ምርጥ ወላጅ ስለሆነች ፊት ወንበር ተሰጥቷት ውስጥ ተቀምጣለች። እንግዲህ ለኚህ ሰው ማን ይቁምላቸው?

ያዥልኝ እስቲ ቦርሳዬን።

ጋሽ አምባዬ! እንዴት አደሩ? እኔ ነኝ፣ የሀናን እናት። … አይ፣ ሀናን አይደለችም፣ እሷማ ዛሬ ከብዙዬ ጋር በሰዓቱ ገብታለች። ሌላ ያረፈደ ልጅ ይዤ ነው። … አዎ፣ ወላጁ ነኝ፣ ቆሜለታለሁ። … ስንተኛ ክፍል? ኧረ ከፍ ያለ ክፍል ነው፣ ትልቅ ልጅ ነው። … ልክ ነዎት፣ እኔም መንገዱን ሙሉ ስመክረው ነው የመጣሁት። … ሁለተኛ አይለምደውም፣ በእኔ ይሁንብዎ። … እግዜር ይስጥልኝ፣ ይክፈቱልን።

ኧረ! ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ? አፈር ልብላ! እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ነበሩ? ፊት? ውይ፣ በዚህ ሻርፕ ምክንያት አላወቅሁዎትም። እኛ እንኳ ስለ ሰርጉ እያወራን ነበር የመጣነው፣ አይደል ገበያነሽ? ይግቡ፣ ይግቡ፣ ወላጁ ሁሉ እየጠበቀዎት ነው። ላብዎን ይጥረጉ። ያቻት ሀናንም አየችዎት፣ ሰላም በያቸው ልጄ። በሩ ይታገሥ አይታገሥ እንግዲህ ውስጥ ገብተው እርስዎ ይነግሩናል፤ ዛሬ ከማንም በላይ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ኧረ ምን ምስጋና ያስፈልጋል፣ ዛሬ እኔ ቆሜልዎታለሁ። በየቀኑ ግን አልችልልዎትም ጋሼ፣ ሺፍት አለብኝ… ብቻ እናትዎን አላህ ያቆይልዎ።