በፕላስተር የተሸፈነው መብራት

ኸይረዲን ሚኒባሱን ጎብዬ ከተማ መግቢያ፣ ከጎሚስታው ጥላ ሥር ያቆመው ጎማ ተንፍሶበት አልነበረም። ሚስቱ ኡሙሃኒ ከጋቢናው ወርዳ እያስመለሳት ነበር። ከቆቦ በተሳፈረች ቁጥር ራሷን ያማታል፤ ዛሬ ደግሞ እግሯ አልጸና አላት። "ሁለተኛ እዚህ መኪና ላይ አልወጣም" ስትለው፣ መኪናውን ሳይሆን እሱን የጠላችው መስሎት ሆዱ ባባ።

ጎሚስታው ዘንድ የሞተር ሳይክሉን ጎማ የሚያስለጥፍ አንድ ወጣት ነበር። አርአያ ይባላል፤ ኮሌጅ ገብቶ አውቶ መካኒክ የተማረ፣ ቆቦ ላይ ጋራዥ የከፈተ ልጅ ነው። ለኡሙሃኒ ውሃ ሲያቀብላት ዓይኑ ዳሽቦርዱ ላይ አረፈ።

"ጋሼ፣ ይሄ ጥቁር ፕላስተር ምንድነው? ከሥሩ የሞተር መብራት በርቶ ይሆን?"

ኸይረዲን ገላመጠው። ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከዚህ በፊት አንድ መካኒክ በማሽን አይቶ "ኦክስጅን ሴንሰርህ ሞቷል" ብሎ አስቀይሮት፣ መብራቱ ወዲያው ተመልሶ በርቷል። ተሳፋሪ ሲጠይቀው ቢሰለቸው ፕላስተር ለጠፈበት። የመስመሩ ሾፌሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ችግርን በመሸፈን ማንም አይስተካከለንም።

"ገባኝ" አለ። "አሁን ማሽንህን ታወጣለህ፤ ማሽኑ ሴንሰር ይቀየር ይላል፤ ሴንሰሩም ካንተ ኪስ ይገኛል።"

አርአያ ሳቀና የመመርመሪያ ማሽኑን ከቦርሳው አወጣ። "ኪሴን ይፈትሹ። ማሽኑንም እርስዎ ራስዎ ይሰኩት።"

እውነትም ራሱ ሰካው፤ ልጁን በክርኑ እየከለከለ። ስክሪኑ ላይ ኮድ ወጣ።

"ይኸው! ሴንሰር አላለም?" አለ ኸይረዲን፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው።

"ሴንሰሩን ጠቀሰ እንጂ ተበላሸ አላለም፣ ጋሼ። ሴንሰሩ ጭስ ማውጫው ላይ ሆኖ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይለካል። አሁን 'ኦክስጅን በዛ' እያለ ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ደግሞ እሱን አምኖ ቤንዚን ይጨምራል። ቤንዚን አይበላብዎትም?"

"ይበላል። ይህን ለመገመት ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም፤ ቤንዚን በላብኝ የማይል ባለመኪና የለም።"

"እሺ፣ ትርፉ አየር ከየት ገባ? ከሴንሰሩ በፊት የጭሱ ቱቦ ተሰንጥቆ፣ ጭስ ሲያስወጣ አየርም እየሳበ ይሆናል። ተመትቶ ያውቃል?"

"የጎሊና ወንዝ ድንጋይ ቧጭሮት ነበር። እኔው በዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ጠቅልዬ በሽቦ አስሬዋለሁ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ ጸጥ ብሏል!"

"ድምፁ ጸጥ ብሏል። ጭሱስ?"

የሚኒባሱ ሞተር ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ኸይረዲን "እጅህ ከሞተሩ ይራቅ፣ እኔው አየዋለሁ" ብሎ ልጁን ወደ ኋላ ላከና ሞተሩን አስነስቶ ወንበሩን ገለጠ። አርአያ ጭሱ በሌላ ቀዳዳ ይወጣ እንደሆነ ለማየት የጭስ ማውጫውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ለአፍታ አፈነው። ከቆርቆሮው ሥር ጭስ ቡልቅ ብሎ ወጣ፤ ልክ ኡሙሃኒ ከምትቀመጥበት በታች።

"ያጥፉት፣ ጋሼ!" አለ አርአያ እየሮጠ መጥቶ። "ጭሱ ውስጥ መርዝ አለ። ባይሸትም ራስ ያሳምማል፣ ያስመልሳል፣ ሲብስ ይገድላል። እርስዎን እንዴት እንዳልጣለዎት ይገርመኛል።"

"እኔማ መስኮቴን ከፍቼ ነው የምነዳ..."

አልጨረሰውም። የእሷን መስኮት አቧራ እንዳይገባባት ብሎ በየጉዞው የሚዘጋው እሱ ራሱ ነው።

"ያ አላህ! በገዛ እጄ ልገድላት ነበር" አለ፤ እንባው መጣ።

"ደርሰንበታል። እሳቸውን አሁኑኑ በባጃጅ ጤና ጣቢያ እናድርሳቸው። ቱቦው በደንብ ይበየዳል፤ ኮዱን አጥፍተን ይመለስ እንደሆነ እናያለን። ሴንሰር ግን እንዳይገዙ፤ ያለው ደህና ነው።"

ኸይረዲን ልጁን ያመነው እዚህ ላይ ነው፤ ምንም ሊሸጥለት አልፈለገም።

ኡሙሃኒ ተሻላት። ቱቦው ከተበየደ ወዲህ መብራቱ አልተመለሰም፤ ቤንዚኑም እንደ ድሮው ይበረክታል። እሷም መስኮቷን ከፍታ፣ ሻሿ አቧራ ለብሶ፣ ከጎኑ እያወራች ትሄዳለች። ኸይረዲንም ቆቦ መናኸሪያ ውስጥ "ፕላስተራችሁን አንሱ፤ መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለግ፣ ዕቃ መግዛት ከዚያ በኋላ ነው" እያለ ሾፌሮቹን አላስቀምጥ አለ።

"ከመካኒኩ ጋር ስንት ተካፈልክ?" አለው ዋሲሁን የሚባል የዋጃ መስመር ሾፌር፣ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ በጎሪጥ እያየው።

ኸይረዲን አልተቆጣም። የራሱን ድምፅ የሰማ መሰለው።

"ሚስትህ አብራህ ስትጓዝ የት ነው የምትቀመጠው?" አለው።

"ጋቢና ነዋ።"

"መስኮቷስ?"

ዋሲሁን ወደተዘጋው የጋቢና መስኮት ዞር ብሎ አየ። ከዚያ እጁን ወደ ዳሽቦርዱ ሰድዶ ፕላስተሩን ላጠው።