እንፋሎት የሌለው ቡና

ቺያኪ በዚያ ቀን ኩማጋያ ከተማ ላይ ከባቡር የወረደችው የወለደች ጓደኛዋን ልትጠይቅ እንጂ የአክስቷን ባል ፍለጋ አልነበረም። አስፋልቱ በሐሩር የሚለሰልስበት፣ ሙታን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ የሚባልበት የሙታን በዓል የሚገባበት ዕለት ነበር። አውቶቡስ ማቆሚያው ጥላ ሥር እጅጌው ረጅም ሸሚዝ የለበሱ ሽማግሌ የቡና ከረጢት ታቅፈው ተቀምጠዋል። ነርስ ናትና መጀመሪያ ያየችው ጠብታ ላብ የሌለበትን ግንባራቸውን ነው፤ በሐሩር ላብ ማጣት የአደጋ ምልክት ነው። የአክስቷ ባል ካንጂሮ መሆናቸውን ያወቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

«አጎቴ! በዚህ ፀሐይ ምን ሊያደርጉ ወጡ?»

«ቡና አልቆብኝ። ዛሬ ማታ አክስትሽ ትመጣለች፤ በባዶ ቤት ልቀበላት?»

አክስቷ ሱማ ከሞተች ዓመት አልሞላትም፤ በሙታን በዓል ወደ ቤቷ ስትመለስም ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቺያኪን ያስደነገጣት ነገሩ ሳይሆን የአነጋገራቸው ቅለት ነበር። ሚስታቸው ገበያ ደርሳ የምትመለስ ነው የሚመስሉት። ጓደኛዋን በስልክ ይቅርታ ጠየቀችና ከረጢቱን ተቀብላቸው አብራ ሄደች።

በሩ ሲከፈት የታፈነ ሙቀት ፊቷን መታት። መስኮቶቹ ተዘግተው ክፍተታቸው በፕላስተር ታሽጓል፤ ማራገቢያው ተነቅሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። በትንሿ የቤት መሠዊያ ላይ ከሱማ ፎቶግራፍ ፊት ሲኒ ተቀምጧል። የፎቶግራፉ መስታወት በእርጥበት ደብዝዞ ከሱማ ፊት የሚታየው አፏ ብቻ ነበር።

«ይህን ቤት ማን አሸገው?»

«እኔ። እንፋሎቱ እንዳይወጣ ብዬ ነው። ሙታን የሚበሉት እንፋሎቱን ነው፣ ይህን ማንም ያውቃል። ማለዳ ውኃ አፈላለሁ፣ ቡናዋን በማጥለያ አንጠባጥባለሁ፣ ወተት እጨምርበታለሁ፣ እሷ ትጠጣለች። ማታ የተረፋትን እኔ እጠጣለሁ።»

«ቀኑን ሙሉ በዚህ ሙቀት የዋለውን? ሆድዎንስ ደህና ነዎት?»

«ሆዴን ተይው!» አሉና ሲኒውን አዘነበሉላት። «እስከ አፉ ሞልቼው ነበር። አሁን ተመልከቺ፣ ጎድሏል። ማን ጠጣው?»

«ተንኖ ነው፣ አጎቴ።»

«ቤቱ ታሽጎ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ እርስዎ ሳንባ።»

ካንጂሮ ሲኒውን ወደ ቦታው መለሱ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል፤ ለሙታን ሩዙም ሻዩም ትኩስ ሆኖ የሚቀርበው እንፋሎቱን ይመገባሉ ተብሎ ነው እንጂ የእሳቸው ፈጠራ አይደለም። ስሕተታቸው ሌላ ነው፤ ሙታንን ይመግባል ያሉት እንፋሎት ሕያው ሰው እንደሚያፍን ረሱ። የሚወዱትን የቀበሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር መርሳት ይቀናቸዋል፤ አፍ አውጥቶ የሚነግራቸውም አይገኝም።

«እንግዲህ ይስሙኝ» አለች ቺያኪ በትሕትና። «ቡና የግድ እሳት አይፈልግም። ክርትፍ አድርጌ እፈጨውና ስምንት ሙሉ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ እዘፈዝፈዋለሁ። ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ማጥለል ብቻ ነው። ለእርስዎም ለእሷም ይሆናል።»

«ቡና ነው ባቄላ የምትዘፈዝፊው?» አሉ በንቀት። «ዕድሜ ልኬን ቡና ቤት ከፍቼ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ! በቀዝቃዛ ውኃ ምኑ ይወጣል? ቢወጣስ እንፋሎት የለው። ለሙት የሞተ ቡና ላቅርብ?»

«ትኩሱ ሲኒ እንፋሎት ይሰጣል። ቀዝቃዛው ብርጭቆ ግን ከአየሩ ላይ እንፋሎት እየሳበ ይሰበስባል፤ ላብ የሚያወጣው ለምን ይመስልዎታል? አንድ ሌሊት ብቻ ይፍቀዱልኝ። ካልመጣች እኔ ራሴ ውኃ አፈላልዎታለሁ።»

ካንጂሮ ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ቢሆንም እንግዳን ማስቀየም አልወደዱም። በተለይ የሱማን አፍንጫ የወረሰች እንግዳ። ሲመሽ በር ላይ ሙታን የሚቀበሉበትን እሳት ለኮሱ፤ ቺያኪም ቡናውን ዘፍዝፋ መስኮቶቹን ከፈተች። ሌሊቱን ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ መጋረጃው ግን ሰው ያለፈ ይመስል አንዳንዴ ወደ ውስጥ ገባ ይል ነበር።

ጠዋት ቡናውን በጨርቅ አጥልላ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ በረዶ ላይ ቀዳችው። በትሪ ይዛ መሠዊያው ዘንድ ስትደርስ እርምጃዋን ገታች። ካንጂሮ በማለዳ ተነስተው ከአትክልት የሚሠሩትን የበዓሉን እንስሳት ደርድረዋል፤ ሙታን ፈጥነው የሚመጡበትን የኪያር ፈረስና ቀስ ብለው የሚመለሱበትን፣ በስንጥር እግር የቆመ የደበርጃን በሬ። ፈረሱ አንድ ነው። በሬዎቹ ሁለት ናቸው።

ብርጭቆውን ፎቶግራፉ ሥር አስቀመጠችና ዞረች።

«አጎቴ፣ የመጣችው አንዲት ሴት ናት። ሁለተኛው በሬ ለማን ነው?»

ካንጂሮ የምንጣፉን ጠርዝ አስተካከሉ።

«መንገዱ ረጅም ነው» አሉ በመጨረሻ። «ብቻዋን ከምትመለስ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ፕላስተሩም፣ የተነቀለው ማራገቢያም፣ ላብ ያጣው ግንባርም ገባት።

«እሷን የሚጠብቁ መስሎኝ! ለካ እንድትወስድዎ ነው!»

«ብትወስደኝ ማን ይጎዳል?»

«እኔ!» አለች። «እኔ እጎዳለሁ! በሩን ሰብሮ ሬሳዎን የሚያገኘው ማን ሊሆን ነው?»

ሽማግሌው ተነስተው ወደ ማድ ቤት ሄዱ፤ ማንቆርቆሪያውን አነሱ። «አልመጣችም፤ በዚህ ውኃ አትመጣም። ቃልሽን ጠብቂና አፍዪልኝ።» ቺያኪ ተከትላ ገባችና የምድጃውን መክፈቻ በመዳፏ ሸፈነችው። እንዲሁ እንደተፋጠጡ ከመሠዊያው ክፍል በረዶ ከብርጭቆ ሲጋጭ ተሰማ። አንድ ጊዜ። ከዚያ አንድ ነገር እንጨት ላይ በቀስታ ሲንሸራተት።

ቀድመው የተራመዱት ካንጂሮ ናቸው።

ብርጭቆው ከፎቶግራፉ ሥር ተነስቶ ከመሠዊያው ጠርዝ፣ ከሽማግሌው መቀመጫ ትራስ ፊት ለፊት ቆሟል። አልጎደለም። ዙሪያውን ነጭ ጤዛ ለብሷል፤ በጤዛው ላይ ግን አራት ጣትና አንድ አውራ ጣት የያዙት ቦታ ጥርት ብሎ ደርቋል።

ሥሩ የረጠበ ብርጭቆ በለሰለሰ እንጨት ላይ በራሱ ሊንሸራተት እንደሚችል ቺያኪ በትምህርት ቤት ተምራለች። ልትናገረውም አፏን ከፍታ ነበር። ስለ ጣቶቹ ግን የተማረችው ነገር ስላልነበረ መልሳ ዘጋችው።

«አልቀመሰችውም» አሉ ካንጂሮ በሹክሹክታ። «ወደኔ ገፋችው። ጠጣ ነው የምትለኝ። ቆይ ነው የምትለኝ።»

ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አንስተው ጠጡ። አንገታቸው ላይ ያለው ደም ሥር እስኪታይ ድረስ ጠጡ፤ እንባቸውም ወረደ። ወዲያው ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ቺያኪ ያንን ላብ ስታይ ልቧ ተመለሰ።

«አይመርም» አሉ የቡና ቤቱ ሰው ተገርመው። ከዚያ አንዱን በሬ ብድግ አድርገው እግሮቹን ነቃቀሉና ደበርጃኑን ሰጧት። «ለምሳ ጥበሺው።»

ያን ሰሞን የሰፈሩ ሽማግሌዎች የሰሙት ስብከት ሌላ አልነበረም። ካንጂሮ የማይሰብኩት ሰው ጠፋ፤ በበጋ ምድጃ ለኩሶ ቤት ማንደድ ሞኝነት መሆኑን፣ በቀዝቃዛ ውኃ ያደረ ቡና ጨጓራ እንደማያቃጥል፣ ፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ ሁለት ቀን እንደሚቆይ፣ የዋለ ወተት ያለበት ሲኒ መጠጣት ግን ሆድን እንደሚበጠብጥ፣ ከሁሉም በላይ መስኮት መክፈት ሙታንን እንደማያርቅ። ቡና ውኃን ስለማይተካ አጠገቡ ንጹሕ ውኃ ይቀመጥ የሚለውን የቺያኪን ማሳሰቢያም ራሳቸው ያሰቡት አስመስለው ይናገሩ ነበር።

በበዓሉ ማብቂያ አመሻሽ ላይ በር ላይ የመሸኛው እሳት ተለኮሰ። ቺያኪ ክንዳቸውን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ነበር። ጭሱ ነፋስ በሌለበት ወደ መንገዱ ሲያዘነብል አዩት።

«በይ ሱማ፣ ደህና ግቢ» አሉ ካንጂሮ። ቺያኪ ስትለቃቸው አንድ እርምጃ እንኳ አልተከተሉም። ፍሙ እስኪከስም ቆዩና ወደ ማድ ቤት ገብተው ለነገ የሚጠጡትን ቡና ዘፈዘፉ።